ጤፍ ውስጥ ክተቺው

ኢንጂነሪንግ በመማሬ ብዙ ጊዜ ተጸጽቻለሁ። ካልኩለስ ላይ ተጸጽቻለሁ። ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት የላብ ሪፖርት ስጽፍም ተጸጽቻለሁ፤ ላብ የሚለውን ቃል በሁለቱም ትርጉሙ ውሰዱት። የዛሬ ሁለት ሳምንት ቅዳሜ አክስቴ ቤት የተጸጸትኩትን ያህል ግን አላውቅም።

ሰዓቱ ቶና ላይ ነው። አክስቴ ስልኩን በትከሻና በጆሮዋ መሃል ይዛ ስኒ ታለቀልቃለች። ስልኩ ሸርተት አለና ስኒ የሚለቀለቅበት ውሃ ውስጥ ጥልቅ።

ያወጣሁት እኔ ነኝ። ያጠፋሁትም እኔ ነኝ። ሲሙን አውጥቼ ኪሴ ከተትኩ፣ ስልኩን በጨርቅ ጠረግኩና እንዲህ አልኩ፦ «ማንም እንዳይከፍተው፤ ቻርጀርም እንዳይሰካ። አሁኑኑ ጥገና ቤት ወስጄ አስከፍቼ አስጸዳዋለሁ።» የአምስተኛ ዓመት የኤሌክትሪካል ተማሪ ነኝ። ድምፄ ውስጥ ትንሽ ኩራት ነበረበት፤ አልዋሽም።

ዝም ተባለ። ከዚያ አንድ ጎረቤት፣ ጋሼ እንበላቸው፣ ስኒያቸውን ቀስ ብለው አስቀመጡ። «ለእሱ እንኳ መድኃኒቱ ሩዝ ነው» አሉ።

በቃ፣ ጉባኤው ተከፈተ።

ይሄን የምጽፈው እንደ ጋሼ ያሉ መካሪዎችን ለማመስገን ነው። መቼም እናንተም ቤት አሉ። ይህ ሕዝብ ሐኪም አያጣም። ለጉንፋን ዳማከሴ፣ ለሆድ ቁርጠት ጤና አዳም፣ ለስልክ ሩዝ። «አላውቅም» ማለት እኛ ጋ ነውር ነው። እንግዳ ቤትህ መጥቶ፣ ዕቃህ ተበላሽቶ አይቶ፣ አንድ ምክር እንኳ ሳይጥል ከወጣ ባዶ እጁን እንደመጣ ይቆጠራል።

የሪሞት ባትሪ ድንጋይ ሲደክም በጥርሳቸው ነክሰው የሚያነቁትን አስቧቸው። ሲብስ አውጥተው እንደ በርበሬ ፀሐይ ላይ ያሰጡታል። ዲሽ የሚያስተካክሉትንም አስቡ። አንዱ ጣራ ላይ፣ አንዱ በር ላይ፣ አንዱ ቴሌቪዥኑ ሥር። «መጣ!» «ሄደ!» «ኧረ መልሰው!» ይህን የመሰለ የመረጃ ሰንሰለት በኮሙኒኬሽን ኮርስ አላስተማሩኝም።

ደግሞ እውነት ለመናገር አንዳንዱ ይሠራል። ፀሐይ የተሰጣ ባትሪ ድንጋይ ለአንድ ዜና የሚሆን ነፍስ ይዘራል፤ እረፍቱና ሙቀቱ ኬሚካሉን ትንሽ ያነቃቁታል። ያ ቂጡ ወፍራም የድሮ ቴሌቪዥንም በጥፊ ሲመታ ምስሉ ይመለስ ነበር፤ ውስጡ የላላ ብየዳ ስለሚገጥም። ጉዱ እዚህ ላይ ነው። አንዴ የሠራ ጥፊ ለሦስት ትውልድ ይወረሳል። ዛሬ ግድግዳ ላይ የተሰቀለው እንደ ወረቀት የሳሳ ስክሪን የሚጠፈጠፈው በዚያ ውርስ ነው። አዲስ ስልክ ስምንት ሰዓት ሳይነካ ቻርጅ ይደረግ የሚለውም ያው ነው። ለድሮዎቹ የኒኬል ባትሪዎች ወግ ነበረው። እንደ ፈረንጆቹ በ1991 ሊቲየም አዮን ገበያ ላይ ወጣ፤ ሕጉ ግን እስካሁን ጡረታ አልወጣም።

ወደ ጉባኤው ልመለስ። ሩዝ የሚለው ሐሳብ በሙሉ ድምፅ አለፈ። ቀጥሎ «የምን ሩዝ?» የሚል ጥያቄ ተነሳ። አንዷ የአክስቴ ጓደኛ ባስማቲ አለች። ረጅም ስለሆነ ውሃውን ከሩቅ ይስበዋል። ጋሼ ተቆጡ፤ የፎገራ ሩዝ እያለ ከውጭ የመጣውን ስልክ ላይ ማባከን ምን የሚሉት ነው? አንድ ወጣት ደግሞ «ቀቅለን ነው በጥሬው?» ብሎ ጠየቀ። ይህ ልጅ ወደፊት ትልቅ ቦታ ይደርሳል።

እኔም ሞከርኩ። «ስልኩን የሚገድለው ውሃው ብቻ አይደለም፤ ውሃው ውስጥ ያለው ጨውና ቆሻሻ ነው» አልኩ። «ይሄ ደግሞ ስኒ የታጠበበት ነው፤ ስኳርም አለበት። ውጭ የተቀመጠ ሩዝ ቦርዱ ላይ የተጋገረውን ስኳር በምን ይልሰዋል?» ማንም አልሰማኝም። የመጨረሻ ጥይቴን ተኮስኩ። «አፕል ራሱ በ2024 ስልካችሁን ሩዝ ውስጥ አትክተቱ ብሏል፤ ፍርፋሪው ይጎዳዋል።»

ጋሼ በሐዘኔታ አዩኝ። «እነሱ ስለ ሩዝ ምን ያውቃሉ? ደግሞስ ያክስትህ ስልክ አፕል ነው?»

አይደለም። ተሸነፍኩ።

አክስቴ ጓዳ ገብታ ተመለሰች። «ሩዝ የለም» አለች። አሁን ስብሰባው ይበተናል ብዬ ደስ አለኝ። የዋህ ነኝ።

«ጤፍስ?» አለ አንድ ድምፅ።

ምክንያቱን ስሙት። ጤፍ ከሩዝ ታንሳለች። ስለዚህ ሩዝ የማይገባበት ትገባለች። ስለዚህ ውሃውን ያለበት ድረስ ሄዳ ታመጣዋለች። እንከን የለውም! አምስት ዓመት ሙሉ እንዲህ ጥርት ያለ ማስረጃ ሰሌዳ ላይ ተጽፎ አላየሁም። ደግሞም ትገባለች። ቻርጀሩ ቀዳዳ ትገባለች፣ ስፒከሩ ትገባለች፣ ማይኩ ትገባለች። የመውጣቱን ነገር ማንም አላነሳውም።

ከዚያ የምን ጤፍ የሚለው መጣ። ማኛ ይሁን ተባለ። በዛሬ ዋጋ ማኛ ላይ የሚተኛ ስልክ ከእኔ የተሻለ ኑሮ አለው። ቀዩ ይሁን ሲባል አንዷ ደነገጠች፤ ቀይ ጤፍ ብረት አለው፣ ብረት ደግሞ ኤሌክትሪክ ያስተላልፋል። በደኅንነት ስጋት ወደቀ። ሰርገኛ ላይ ስምምነት ተደረሰ። እዚህ ላይ ጋሼ ወደ እኔ ዞሩና «እስቲ ኢንጂነሩ ምን ይላል?» አሉ። ሙያዬ ለመጀመሪያ ጊዜ ተከበረ። አፌን ከፈትኩ።

«እሺ በቃ፣ ተስማምተናል» አሉ።

የጆንያው አፍ ተፈታ። ስልኩ እስከ አናቱ ተቀበረ። ለሦስት ቀን ማንም እንዳይነካው ተወገዘ። ለምን ሦስት? አይጠየቅም። በሁለተኛው ቀን ጋሼ መጥተው ጆሯቸውን ጆንያው ላይ ደገፍ አድርገው አዳመጡ። ሌላዋ «እስቲ ደውሉለት» አለች። ሲሙ እኔ ኪስ ውስጥ ነው። ተደወለ። ጥሪ አይቀበልም አለ። «ይኸው፣ እየደረቀ ነው» ተባለ።

በሦስተኛው ቀን ሠልስት ሆነ። ጎረቤት ተሰበሰበ፤ የጎደለው ንፍሮ ብቻ ነው። ስልኩ ከጆንያው ወጣ፣ ተራገፈ፣ እፍ ተባለበት። ቻርጀሩ ሲሰካ ግማሽ መንገድ ላይ ቆመ። ጋሼ መርፌ አስመጡና ጎረጎሩት። መርፌ! ከዚያ አበሩት። ስክሪኑ አንዴ ነጭ ሆኖ ብልጭ ሲል ቤቱ በእልልታ ቀለጠ። እልልታው ሳያልቅ ስልኩ አለቀ።

ጤፉስ? ጤፉ ምን በደለ። ተፈጨ፣ ተቦካ፣ ዓርብ ለመጋገር ቀረበ።

እስከዚህ እየሳቅኩ ነው የጻፍኩት። ስልክ ነው፤ ይገዛል። ዓርብ ያየሁት ግን አያስቅም። አክስቴ ጋ የምትጋግረው ልጅ የምጣዱን ክዳን ልታነሳ እጇን ሰደደችና ወዲያው ሰበሰበችው። «ነዘረኝ» አለች፤ እንደ ተራ ነገር። ስንት ጊዜ ሆነው? «ሁልጊዜ ነው።» ምን ተባለች? «ነጠላ ጫማ አድርጊ።»

የኤሌክትሪክ ምጣድ ሦስት ኪሎዋት ተኩል ገደማ ይበላል። በ220 ቮልት ወደ 16 አምፔር ነው። ሰውን ከመነዘር ለማዳን የሚገጠመው መቁረጫ በ30 ሚሊአምፔር የሚቆርጠው በከንቱ አይደለም፤ ከዚያ ከአምስት መቶ አንዱን እንኳ አይሞላም። ሶኬቱ ላይ ያለው የመሬት መስመር ለጌጥ አልተሠራም። እኛ ሽቦውን ቆርጠን ጥለን፣ እርጥብ እጅና እርጥብ ወለል ላይ ያለችን ልጅ በጎማ ጫማ እንጠብቃታለን። ስትነዘር ደግሞ እንስቃለን! ማን ነው መጀመሪያ የሳቀው? ለስልክ ሦስት ቀን ጉባኤ የተቀመጠ ሰፈር ለዚህች ልጅ አንድ ኤሌክትሪሺያን መጥራት አቃተው። ይሄን ምክር የሚሰጥ ሰው ጫማውን አድርጎ ራሱ አንድ ቀን ይጋግርበት።

ሶኬቱን ነቀልኩና ጮህኩ። ሰፈሩ ሁሉ ሰማኝ። «ምነው፣ ልጁ ፈተና ወደቀ እንዴ?» ተባለ። መስመሩን ሰው መጥቶ ሠራው። ሊጡ ጎረቤት ሄዶ ተጋገረ። ቅዳሜ በላሁት። ዐይኑ ያማረ እንጀራ ነው። ኔትወርክ ግን የለውም።

ጋሼን ብቻ ልወቅስ አልችልም። እኛ በቴክኖሎጂ ያበድን፣ ጊክ የምንባለው ጉዶችም የራሳችን ጤፍ አለን። ዶርማችን ውስጥ ሊኑክስ የሚባለው፣ በዊንዶውስ ፋንታ ኮምፒውተር ላይ የሚጫን ሥርዓት፣ አንድ ሰባኪ አለው። ዋይፋይ እምቢ አለኝ ስትለው «ሊኑክስ ጫን» ይላል። ሆዴን ቆረጠኝ ብትለውም ያው ነው። ሊነስ ቶርቫልድስ በ1991 ሄልሲንኪ ተማሪ ሳለ እንዴት እንደጀመረው ከምሳ በፊት እንደ ጸሎት ያደርሰዋል። የራሱ ላፕቶፕ ስድስት ወር ሙሉ ድምፅ የለውም። «እያስተካከልኩት ነው» ይላል። ፊልም የሚያየው በእኔ ነው።

የመመረቂያ ፕሮጀክቱስ! በየዓመቱ አንድ ቡድን ስማርት የቆሻሻ ቅርጫት ይሠራል። አርዱይኖ የምትባል ትንሽ የኮምፒውተር ሰሌዳ ከላይ፣ ሴንሰር ከፊት፤ እጅህን ስታቀርብ ክዳኑ ራሱ ይከፈታል። እጁ ላይ ቆሻሻ ይዞ በሌላው እጁ ክዳን መክፈት ያቃተው ሰው እስካሁን አላጋጠመኝም፤ ቢሆንም ሳይንስ ነው። በዲፌንስ ቀን ታዲያ ክዳኑ አይከፈትም። ፈታኞቹ ይጠብቃሉ። ከቡድኑ አንዱ ኮሌታውን ያስተካክልና ቅርጫቱን በመዳፉ ቸብ ያደርገዋል። ይከፈታል። ጭብጨባ።

ያቺ ጥፊ አያችኋት? ዩኒቨርሲቲ ገብታለች።

ስልኩን በመጨረሻ ጥገና ቤት ወሰድኩት። ጠጋኙ በዕድሜ ከእኔ ያንሳል። ዲፓርትመንት አልመረጠም፤ ዲፌንስ አላደረገም። ከፈተውና በማይክሮስኮፕ አየው።

«ሰርገኛ ነው» አለ።

«እንዴት አወቅክ?»

«ነጩም ቀዩም አለ።» ቀና እንኳ አላለም። «ባለፈው ምስር ነበር የመጣልኝ። እሱ ይሻላል፤ አይገባም።»

በወረንጦ አንድ በአንድ ይለቅም ጀመር። ቦርዱ ዝጓል። ስኳሩ አረንጓዴ ነገር አብቅሏል። «በዚያው ቀን ብታመጣው እኮ በአልኮል አጥቤ እሰጥህ ነበር» አለኝ። «ኢንጂነሪንግ ነው የምትማረው አላልክም?»

ምን ልበለው።

እንደ ፈረንጆቹ በ1947 ሃርቫርድ ማርክ ሁለት የሚባል እንደ ክፍል የገዘፈ ኮምፒውተር ውስጥ አንዲት የእሳት ራት ተገኝታ ነበር። ሠራተኞቹ አውጥተው የሥራ መዝገባቸው ላይ ለጠፏት። መዝገቡ ዛሬ አሜሪካ ሙዚየም ውስጥ ነው። ይህ ትዝ ብሎኝ ከጠጋኙ ወረንጦ አንዷን ጤፍ ተቀበልኩና ላብ ደብተሬ ላይ በፕላስተር ለጠፍኳት። ከጎኗ ቀኑን ጻፍኩ። ዓይነት፦ ሰርገኛ። የተገኘችበት ቦታ፦ ቻርጀር ቀዳዳ። ያዘዘው አካል፦ ጉባኤ።

ደብተሩን ሳልዘጋ ስልኬ ጮኸ። በማላውቀው ቁጥር አክስቴ ናት። አዲስ ስልክ ገዝታለች።

«ጋሼ መጀመሪያ ስምንት ሰዓት ሳይነካ ቻርጅ ይደረግ ይላሉ» አለችኝ። «አንተ ኢንጂነር አይደለህ፤ ምን ትላለህ?»

አፌን ከፈትኩ።

«እሺ በቃ፣ ተሰክቷል» አለችና ዘጋችው።