ሲሙሌተር ለፓይለት ብቻ አይደለም

ወንድሜ፣ «መሬት ላይ የቆመ የመለማመጃ የሄሊኮፕተር ካቢን (ሲሙሌተር) ለጦር ሐኪም ምን ይሠራለታል? ጎበዝ ነርስ የትም ጎበዝ ነው» ያልከው ብዙ ሰው የሚያምነው ስህተት ነው። እኔ ደብረ ብርሃን ነርስ ነኝ። ከደብረ ሲና በሽተኛ ይዘን ጣርማ በርን ስንወጣ፣ አምቡላንስ ውስጥ እንኳ ደም ግፊት መለካት ያታግላል። ሄሊኮፕተር ውስጥማ በጩኸቱ የተነሳ የልብ ማዳመጫው ምንም አያሰማም። ስለዚህ ሐኪሙ የቁስለኛው ደረት ሲነሳና ሲወርድ በዓይኑ ያያል፣ በእጁ ይዳስሳል። ማታ ደግሞ መብራቱ ደብዛዛ ነው። ቦታው ስለሚጠብ ተንበርክኮ ነው የሚሠራው። ደም ማቆሚያው ማሰሪያ የት ኪስ እንዳለ እጁ ሳያይ ማግኘት አለበት። ይሄ በንባብ አይመጣም። ካቢኑ ባይበርም ጩኸቱን፣ ጨለማውንና ጥበቱን ያመጣል። በቁስለኛ ፋንታ በሚተኛው የመለማመጃ አሻንጉሊት ላይ የተሳሳተም መልሶ ይሞክራል።