ኳ ካለ ይበቃል

በካዝና ምርጫ የአዲስ አበባን ሰው የሚያክለው የለም። ሌላው ዓለም ካዝና ሊገዛ ሲነሣ ስለ ሙቀት ይጠይቃል፣ እሳት በሚችልበት ደቂቃ ይጨቃጨቃል። የኛ ሰው ቸርችል ጎዳና አካባቢ ካሉት የቢሮ ዕቃ መሸጫዎች ወደ አንዱ ጎራ ይልና ጣቱን አጠፍ አድርጎ በሩን ኳ ኳ ያደርገዋል። ጆሮውን ዘንበል አድርጎ ያዳምጣል።

«ብረት ነው አይደል?»

«ምን ጥያቄ አለው ጋሼ! ድፍን ብረት ነው፤ እሳት አይነካውም።»

አለቀ። ከዚህ በኋላ የሚቀረው የቀለሙ ጉዳይ ነው፤ ከሶፋው ጋር መሄድ አለበት።

ብረት ድስት ሆኖ ምድጃ ላይ ሲጣድ ሽሮ እንደሚያንተከትክ ጠንቅቆ የሚያውቅ ሕዝብ፣ ያው ብረት ካዝና ሲሆን ሙቀት አያሳልፍም ብሎ ያምናል። እምነት ማለት እንዲህ ነው!

እሳት የሚችል ካዝና ጉልበቱ ያለው በውጪውና በውስጡ ግድግዳ መሃል በተሞላው ጂፕሰም ወይም ኮንክሪት ነክ ነገር ላይ ነው። መሙያው የያዘው ውሃ በሙቀት ጊዜ እንፋሎት እየሆነ ግለቱን ይመጥጥለታል። ዩ ኤል በተባለው የአሜሪካኖቹ የደኅንነት ፈታሽ ድርጅት መለኪያ፣ እሳትን ለአንድ ሰዓት ይችላል የተባለ ካዝና እቶን ውስጥ ይገባል፤ እቶኑ ከ900 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ሲግል ወረቀት የሚቀመጥበት የውስጡ ሙቀት ከ177 ማለፍ የለበትም። ለኮምፒውተር ማከማቻ የሚሆነው ጥብቁ ደረጃ ደግሞ ከ52 አያሳልፍም። ይህ ሁሉ ካዝናው ላይ በምትለጠፍ አንዲት ምልክት ላይ ይጻፋል። የኛ ሰው ካዝናውን ቤት እንዳስገባ መጀመሪያ የሚልጣት እሷን ነው። ውበት ታበላሻለቻ!

አንድ ወዳጄ ብቻ ከወገኖቹ ተነጥሎ «ይሄ የስንት ደቂቃ ነው?» ብሎ ጠየቀ። ሻጩ ከልቡ አዘነለት። «ኧረ ምን ደቂቃ! ሃያ አራት ሰዓት ይሠራል።»

ኪሱ ሳሳ ያለው ደግሞ ምናለሽ ተራ ወርዶ በአያቶቹ ዘመን የተሠራ፣ አዲስ ቀለም የተቀባ ካዝና ይዞ ይመጣል። መሙያው ከዕድሜ ብዛት እርጥበቱን ቢጨርስም ኳ ማለቱን አላቆመም።

ዋናው ጥበብ የሚታየው ግን ዕቃ ሲቀመጥ ነው። ወርቁ ካዝና ውስጥ ይገባል። ወርቅ ለመቅለጥ 1064 ዲግሪ ይፈልጋል፤ ከቤቱ ዕቃ ሁሉ ለእሳት የማይደነግጠው እሱ ነው። የቤቱ ካርታ፣ ሊብሬው፣ የልጆቹ የልደት ሰርተፍኬትና ዲግሪው በጥቁር ፌስታል ተጠቅልለው ፍራሽ ሥር ይተኛሉ። ዲግሪው እንዳይበላሽ ላሚኔት ተደርጓል፤ ፕላስቲኩ ቀልጦ ከወረቀቱ ጋር አንድ አካል ለመሆን ተዘጋጅቷል ማለት ነው። የካዝናውን ባዶ ቦታ የሚሞላው የቴሌቪዥኑ ዋስትና ወረቀት ነው፤ ቴሌቪዥኑ ከተጣለ ቆይቷል።

ወለሉ ላይ በብሎን ይታሰር ያለ ሰው ምቀኛ ነው። ሴራሚኩ ይሰነጠቃል፤ ኪራይ ቤት ከሆነም አከራይዋ እትዬ አይፈቅዱም። ስለዚህ ሁለት ጎረምሳ አንስቶ የሚያወጣው ሣጥን ሳሎን መሃል ዳንቴል ለብሶ፣ አበባ ተሸክሞ እንግዳ ይቀበላል። ሌባ እንዳይቸገር ከወዲሁ የታሰበለት እንዲህ ነው።

ጥቅምት 11 ቀን 2017 ዓ.ም. ማታ መርካቶ ሸማ ተራ ሲቃጠል ሁላችንም ደንግጠን ነበር። ያን ሰሞን በየካፌው የካዝና ሊቅ ያልሆነ አልነበረም። በሁለተኛው ሳምንት ወደ እግር ኳሳችን ተመለስን። የእሳት አደጋን ስልክ፣ 939ን፣ በቃሉ የሚያውቅ ከመካከላችን ስንት እንደሆነ አልጠይቅም፤ የካዝናውን ኮድ ግን ሰፈሩ ሁሉ ያውቀዋል። የበኩር ልጁ የተወለደበት ዓመት ነው።

ኮዱ እምቢ ካለም መጠባበቂያ ቁልፍ አለ፤ ለጥንቃቄ ተብሎ የተቀመጠው እዚያው ካዝናው ውስጥ ነው። ባለፈው አንድ ጎረቤታችን ባትሪው ሞቶበት ከፒያሳ ቁልፍ ሠሪ አስጠራ። ቁልፍ ሠሪው ልጅ የቀረበለት ቡና ሳይቀዘቅዝ ከፈተው። ጎረቤታችን የቁልፍ ሠሪውን ሒሳብ ከፍሎ በሩን መልሶ ዘጋና ኳ ኳ አደረገው፦ «ጠንካራ ዕቃ እኮ ነው!»