የጣናን ዳርቻ ዕፅዋት በአበባቸው እንለያቸው

ተማሪዎችን ይዤ ከባሕር ዳር ወደ ጣና ዳርቻ በወጣሁ ቁጥር አንድ ነገር ይገጥመኛል። ደንገሉን፣ ፊላውንና ቄጠማውን በአንድነት «ሳር» ብለው ይመዘግባሉ፤ እምቦጭን ደግሞ ውሃ ላይ ስለሚንሳፈፍ ብቻ ክብ ቅጠሉን በሐይቁ ላይ ዘርግቶ ከሚያብበው የውሃ አበባ ጋር ያዛምዱታል፤ ያ አበባ ግን ጭራሽ ሌሎቹ ካሉበት ከባለ አንድ ክክ ዕፅዋት (ዘራቸው እንደ በቆሎ አንድ ክክ ብቻ ካለው) ወገን አይደለም። ጥፋቱ የተማሪዎቹ ሳይሆን የእኛ የመምህራን ነው። ጎን ለጎን የሚሄድ የቅጠል ጅማት፣ እንደ ጭራ የተበተነ ሥር፣ በሦስት የሚቆጠር አበባ እያልን እናስጠናቸዋለን፤ እነዚህ ምልክቶች ባለ አንድ ክኩን ከባለ ሁለት ክኩ ለመለየት ይረዱ እንደሆነ እንጂ ቤተሰብን (የሚዛመዱ ዕፅዋት የሚመደቡበትን ቡድን) ከቤተሰብ አይለዩም። ቤተሰብ የሚለየው አበባው ተሰንጥቆ ውስጡ ሲታይ ነው።

ደንገልንና ጤፍን እንውሰድ። ሁለቱም ቀለማም የአበባ ቅጠል የሌላቸው ዕፅዋት ናቸው። የደንገል እያንዳንዷ አበባ ግን ከአንዲት ቅርፊት ሥር ተጠልላ የምትቀመጥ ስትሆን፣ የጤፍ አበባ በሁለት ቅርፊቶች መካከል ተዘግታ ትገኛለች። የደንገል ሴቴ አካል ጫፉ ሦስት ቦታ ይከፈላል፤ የጤፍ ሁለት ነው፣ እሱም እንደ ላባ የተበተነ። በሳር ቤተሰብ አበባ ግርጌ ሁለት ጥቃቅን ቅርፊቶች አሉ፤ ውሃ መጥጠው ሲያብጡ አበባውን ገፍተው ይከፍታሉ። በደንገል ቤተሰብ እነዚህ የሉም። ከዚህም በላይ በደንገል ቤተሰብ የአበባ ዱቄት ሲፈጠር ከአራቱ ሕዋሳት ሦስቱ መክነው አንዱ ብቻ ይቀራል፤ ይህ ከውጭ የማይታይ፣ በማይክሮስኮፕ ብቻ የሚገኝ ምስክር ነው። ፊላ ደግሞ ወንዴ አበቦቹን ከላይ፣ ሴቴዎቹን ከታች በአንድ በትር ላይ ስለሚደረድር ለብቻው ይቆማል።

እምቦጭ ከእነዚህ ሁሉ ይርቃል። ስድስት ሐምራዊ የአበባ ቅጠሎች አሉት፤ ከላይ ባለው ላይ ቢጫ ነጥብ ይታያል። ወንዴ አካላቱ ስድስት ሲሆኑ ሦስቱ ረጃጅም፣ ሦስቱ አጫጭር ናቸው፤ የዘር ማኅፀኑ ሦስት ክፍል ያለው ሲሆን ብዙ ዘር ይይዛል። ከዘመዶቹ አንዱ ሐይቁ ላይ ሳይሆን በየማሳው የሚበቅለው፣ አርሶ አደሩ እየነቀለ የሚጥለው የውሃ አንቁር ነው፤ ሁለቱ ከቤተሰብ ከፍ ባለው እርከን አንድ ላይ ይመደባሉ።

አበባን ከላይ ብቻ ማየት ሊቃውንትንም አሳስቷል። የዘር ማኅፀኑ ከአበባ ቅጠሎቹ በላይ ከተቀመጠ ወደ ሊሊ ቤተሰብ፣ በታች ከሆነ ወደ አማሪሊስ ቤተሰብ የሚል ልማድ ለረጅም ጊዜ ሲሠራበት ስለቆየ፣ ማኅፀኑ ከላይ ያለው ሽንኩርት ከሊሊ ጋር ይቆጠር ነበር። ማኅፀኑ ተቆርጦ ሲታይ ግን የሽንኩርት የአበባ ማር የሚመነጨው በማኅፀኑ ግድግዳዎች መካከል ካሉ ዕጢዎች ሲሆን የሊሊ ግን ከአበባ ቅጠሎቹ ግርጌ ነው። የዕፅዋት ተመራማሪው ዳልግረንና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1985 ሰፊውን የሊሊ ቤተሰብ የበታተኑት በእንዲህ ያሉ የውስጥ ምልክቶች ነበር፤ ከ1998 ወዲህ በዲኤንኤ ላይ የተመሠረተው አመዳደብም አብዛኛውን አጽንቶታል። ሽንኩርት ዛሬ ከአማሪሊስ ጋር ነው። ስለዚህ «ዲኤንኤ እያለ አበባ መሰንጠቂያ ምላጭ ምን ያደርጋል?» የሚሉትን ባልደረቦቼን አጥብቄ እቃወማለሁ። ዲኤንኤ ብዙ ስህተት አርሟል፤ ሐይቁ ዳር የቆመ ተማሪ እጅ ላይ ያለው ግን አበባው ነው።

ስምንት ቅጽ ያለው የኢትዮጵያና የኤርትራ ዕፅዋት መዝገብ እ.ኤ.አ. በ2009 ተጠናቋል፤ ሰባተኛው ቅጽ ሳሮችን፣ ስድስተኛው ሌሎቹን ባለ አንድ ክክ ዕፅዋት ይዟል። የተጻፈው በእንግሊዝኛና ለባለሙያ በመሆኑ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ አይጠቀምበትም። የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ የሥነ ሕይወት ምሁራን ከከተማዋ መምህራን ጋር ሆነው፣ ደንገልን ደንገል፣ ፊላን ፊላ ብሎ የሚጠራ፣ ከአበባው ክፍሎች ቆጠራ የሚነሳ አጭር የአማርኛ የዕፅዋት መለያ ጽሑፍ ለጣና ዳርቻ እንዲያዘጋጁ እጠይቃለሁ። ለተማሪው ምላጭና አሥር እጥፍ የሚያጎላ የእጅ መነጽር ይበቃዋል። የመጀመሪያው ትምህርት በእምቦጭ ቢጀመር መልካም ነው፤ እያንዳንዱ አበባው የሚቆየው አንድ ቀን ብቻ ስለሆነ ግን ጠዋት መውጣት ያስፈልጋል።