ይድረስ ለተከበሩ «ሎጊን ኢንኮሬክት»

ለጤናዎ እንደምን ሰንብተዋል? እኛ ከደብረ ማርቆስ እስከ ቡሬ ሊኑክስ የሚባለውን የኮምፒውተር ሥርዓት የምንከፍት ሁሉ ደህና ነን። ናፍቆት እንዳንል መቼ ተለይተውን!

ልንገባ ስንል «መግቢያው ትክክል አይደለም» ይሉናል እንጂ የተሳሳተው ስሙ ይሁን የይለፍ ቃሉ አይናገሩም። ይህን እንኳ እንቀበላለን፤ ቢናገሩ ሌባው መጀመሪያ ትክክለኛውን ስም ለይቶ ከዚያ ቃሉን ብቻ እየሞከረ ይገባ ነበር። በስሕተት ቁጥር 2 ወይም 3 ሰከንድ የሚያስጠብቁንም ሌባውን ለማድከም ነው። ቅር ያሰኘን ለባለቤቱም ያንኑ መመለስዎ ነው።

ደግነቱ የቅኔው ዋሸራ ያለበት አገር ሰዎች ነንና ሰሙን ሰምተን ወርቁን መፈለግ አያቅተንም። ሰሙን ስክሪኑ ላይ ይጽፉታል፤ ወርቁን ኡቡንቱ በሚባለው ሊኑክስ ላይ /ቫር/ሎግ/ኦውዝ.ሎግ፣ በሬድ ሃት ቤተሰብ /ቫር/ሎግ/ሴኪዩር በሚባል የመዝገብ ፋይል ውስጥ ይቀብሩታል። ፋይሉ ከሌለ ጆርናልሲቲኤል የሚባለው ትእዛዝ ያወጣዋል። በሌላ አስተዳዳሪ አካውንት ገብቶ ላየው፣ እዚያ «ዩዘር አንኖውን» (ስሙ አይታወቅም)፣ «ኦተንቲኬሽን ፌይለር» (ማንነቱ አልተረጋገጠም)፣ «አካውንት ሃዝ ኤክስፓየርድ» (የአካውንቱ ጊዜ አልፏል) እያሉ አንድ በአንድ ይናዘዛሉ።

የቁልፍ ሰሌዳው ተንኮል ቀላል ነው። አቀማመጡ ከአሜሪካ ወደ እንግሊዝ ከተቀየረ @ እና ድርብ ጥቅስ ቦታ ይለዋወጣሉ። ቃሉን የተጠቃሚ ስም በሚጻፍበት ሣጥን ጽፎ ማየት፣ ኢንተር ሳይጫኑ ማጥፋት ነው፤ ጀርባ ላይ ማንም አለመቆሙን አይቶ፣ በእርግጥ።

ደጋግሞ የሳተን የሚቆልፈው ፌይልሎክ በበራበት ማሽን ደግሞ፣ ማንም ካልነካካው፣ በ15 ደቂቃ ውስጥ 3 ጊዜ የሳተን ሰው ለ10 ደቂቃ ይቆልፉታል። ከዚያ ትክክለኛውን ቃል ቢያስገባም መልስዎ ያው! አስተዳዳሪው «ፌይልሎክ --ዩዘር» ብሎ ስሙን፣ ቀጥሎ «--ሪሴት» ካልጻፈ መጠበቅ ነው። የይለፍ ቃሎች በሚቀመጡበት ሻዶ ፋይል ውስጥ ከተመሰጠረው ቃል ፊት ቃለ አጋኖ (!) ከታየ ግን የቆለፈው ሰው ነው፤ «ፓስደብሊውዲ -ዩ» ይፈታዋል።

እኛ ዘንድ ሲመጡ የሚወዱት ጨዋታ ግን የሰዓት ነው። መብራት ሲጠፋ፣ ማዘርቦርዱ ላይ ያለችው የሲአር2032 ባትሪ ካለቀች ማሽኑ ቀኑንም ሰዓቱንም ይረሳል። አንድ ደግ ሰው ሊያስተካክል ይነሣል፤ ከጠዋቱ 3 ሰዓት ነውና 3 ብሎ ይሞላል። ማሽኑ የሚጠብቀው 9 ነበር! በኔትወርክ ላይ የገቢውን ማንነት የሚያረጋግጠው ከርቤሮስ ካልተነገረው በቀር ከ5 ደቂቃ በላይ ልዩነት አይታገሥም፤ የ6 ሰዓት ልዩነት ሲያገኙ የሚሰማዎትን ደስታ እንገምታለን። የስልኩ መተግበሪያ ከሰዓቱ አስልቶ የሚያወጣው ባለ 6 አሐዝ የመግቢያ ኮድማ በየ30 ሰከንዱ ይለዋወጣል። ሰውዬው ዓመቱንም በእኛ አቆጣጠር ከሞላው ማሽኑ 7 ወይም 8 ዓመት ወደ ኋላ ይወርድና ገና ያልተሰጡ የዲጂታል ማንነት ሰርተፍኬቶችን ያያል። ስለዚህ የይለፍ ቃል ከመቀየር በፊት «ታይምዴትሲቲኤል» ብሎ ማየት፣ የሰዓት ዞኑን አፍሪካ/አዲስ_አበባ ማድረግ፣ ሰዓቱን ከኔትወርክ የሚያስተካክለውን ኤንቲፒን ማብራት፣ ባትሪዋንም መቀየር።

ቃሉን ተቀብለው፣ ስክሪኑን አጥፍተው፣ መልሰው በሩ ላይ ሲያቆሙንስ? ያኔ ጥፋቱ ከቃሉ አይደለም። በኮንትሮል፣ አልት እና ኤፍ3 ጥቁሩን ስክሪን ከፍቶ፣ የዲስኩን ቦታ ለማየት «ዲኤፍ -ኤች» ማለት ነው፤ ብዙ ጊዜ ዲስኩ 100% ሞልቷል፣ ወይም የስክሪኑ ፈቃድ ያለበት .ኤክስኦቶሪቲ የሚባለው ፋይል የሩት (የዋናው አስተዳዳሪ) ንብረት ሆኗል።

ይህ ሁሉ እያለ እርስዎን ያየ ሁሉ «ፎርማት ይደረግ» ማለቱ አያሳፍርም? ዲስኩ እስካልተመሰጠረ ድረስ የሩት ቃል ጠፍቶ እንኳ መውጫ አለ፦ ማሽኑ ሲነሣ በሚታየው ግሩብ በተባለው ዝርዝር ላይ «ኢ» ተጭኖ፣ በሊኑክስ መስመር መጨረሻ ኢኒት=/ቢን/ባሽ ጨምሮ፣ በኮንትሮል ኤክስ ማስነሣት። ከዚያ ዲስኩን ለመጻፍ የሚከፍተው «ማውንት -ኦ ሪማውንት,አርደብሊው /»፣ ቀጥሎም ቃሉን የሚቀይረው «ፓስደብሊውዲ»። ማውንቱን የዘለለ «ኦተንቲኬሽን ቶክን ማኒፑሌሽን ኤረር» ከሚባሉት የአጎትዎ ልጅ ጋር ይተዋወቃል፤ ዲስኩ የተከፈተው ለንባብ ብቻ ነውና።

ከሰላምታ ጋር

ግልባጭ፦
ለካፕስ ሎክ ቁልፍ
ለሲአር2032 ባትሪ
ባሉበት