ይድረስ ለክቡር የተራራ ላይ ምግብ ቤት

ለጤናዎ እንደምን ከርመዋል? እኛ ከሂሳብዎ በስተቀር እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን።

ስምዎን አልጠራም፤ አያስፈልግም። በየካቲት እረፍት እዚህ ስዊዘርላንድ ልጆቹን ጭኖ ከጄኔቭ ወደ ቫሌ ተራሮች የወጣ አበሻ ሁሉ ያውቅዎታል። የበረዶ መንሸራተቻ ስኪ ተከራይቶ፣ የሊፍት ቲኬት ቆርጦ፣ የትንሹን ልጅ ጓንት ፍለጋ ወርዶ ወጥቶ፣ እኩለ ቀን ላይ "አባዬ ራበኝ" ሲባል የሚያገኘው ጣሪያ የእርስዎ ብቻ ነው። እርስዎም ይህን አሳምረው ያውቃሉ።

ስኪ ናፍቆን የመጣን እንዳይመስልዎት። ልጆቹን ትምህርት ቤታቸው ስኪ ካምፕ ወሰዳቸው፤ ተለክፈው ተመለሱ።

ዘንድሮ ደግሞ እረፍቱ ከሁዳዴ ጋር ተገጣጠመ። ሜኑዎን ከላይ እስከ ታች አነበብነው። ፎንዱ፣ አይብ። ራክሌት፣ አይብ። ክሩት፣ ወይን የጠጣ ዳቦ አይብ ለብሶ። ሮሽቲ ድንች ነው ብለን ደስ ሊለን ሲል፣ ከላዩ እንቁላልና አይብ። ሾርባው ክሬም አለበት። ሰላጣውን ብንጠይቅ "የፍየል አይብ ነው፣ ቀለል ያለ ነው" ተባልን። እርስዎ ዘንድ ለጾመኛ ያለው ምርጫ ፍሪት፣ የተጠበሰ ድንች፣ ነው። በጣም ከራበው ትልቅ ፍሪት።

የፍሪቱ ዋጋ 12 ፍራንክ። ለምን ሲባል ድንቹ በኬብል ካር ነው የሚመጣው ይላሉ። እኛስ በምን መጣን? ያውም ከፍለን።

ውሃውን አላነሳም። ወይስ ላንሳው? ድንበሩን ተሻግሮ ፈረንሳይ ምግብ ያዘዘ ሰው የቧንቧ ውሃ በነፃ እንዲቀርብለት ሕግ አለ። እዚህ እንደ ባለቤቱ ፈቃድ ነው። ዙሪያችሁን ገደል ሙሉ በረዶ ተከምሮ፣ ግማሽ ሊትር ውሃ በ7 ፍራንክ።

የካርድ ማሽንዎም አለ። የአገልግሎት ክፍያ በዋጋው ውስጥ መካተቱ ሜኑው ግርጌ ላይ ተጽፏል። ማሽኑ ግን አላነበበውም፤ 10፣ 15፣ 20 በመቶ እያለ ይጠይቃል። "ምንም" የሚለው ከታች ጥግ ላይ ነው፣ በመነጽር የሚታይ።

ይህን ሁሉ ችለን ኖረናል። ደብዳቤውን ያስጻፈኝ ያለፈው ማክሰኞ ነው።

እማዬ ከአዲስ አበባ ልትጠይቀን መጥታለች። ስኪ ስለማትችል በእግረኛ ቲኬት አውጥተን እርስዎ ዘንድ መስኮት ዳር አስቀመጥናት። ለልጆቹ ናጌት አዘዝን። ለእኔና ለባለቤቴ ፍሪትና ውሃ። ለእማዬ ሙቅ ውሃ ብቻ፤ ሻዩንና ቅርንፉዱን ይዛ ነው የምትዞረው። ሙቅ ውሃው 4 ፍራንክ። ምግቡ ገና ጠረጴዛው ላይ ሳያርፍ ክፈሉ ተባልን፣ ከፈልን። 78 ፍራንክ። ደረሰኙ እጄ ላይ አለ።

ከዚያ እማዬ ድፎዋን አወጣች። ኮባ ባይኖርም ሌሊት ኩሽናችን ውስጥ የጋገረችው ነው፤ በንጹሕ ፎጣ ጠቅልላዋለች። ፎጣውን ስትፈታው የጥቁር አዝሙዱ ሽታ አይብዎን ለደቂቃ አሸነፈው። አስተናጋጅዎ መጥቶ አጠገቧ ቆመ። እማዬ ደግሞ የሰው ልጅ ቆሞ እያያት ብቻዋን የምትበላ ሴት አይደለችም። ቆረሰችና "እንካ የኔ ልጅ፣ ቅመስ" ብላ ዘረጋችለት።

ጣቱን ወደ ግድግዳው ቀሰረ። ቅርጫት የተሳለበት፣ በቀይ የተሰረዘ ምልክት፤ የራስን ምግብ ይዞ መብላት ክልክል ነው ማለት ነው። ቀጥሎ ጣቱን ወደ በሩ ቀሰረ። ውጭ ከዜሮ በታች 9 ነበር።

"ምን አለ?" አለች እማዬ፣ ወደ ልጅ ልጇ ዞራ። የ11 ዓመቱ ልጄ አስተናጋጁን አየ። እኔን አየ። "ዳቦው ያምራል አለ" አላት።

ደስ አላት። ተለቅ ያለ ቁራሽ ጨምራ ዘረጋች። አስተናጋጅዎ የናቀችው መሰለውና ድምፁን ከፍ አደረገ። ቤቱ ሙሉ ዞሮ አየን። ያኔ ገባት። ማንም ሳይተረጉምላት ፎጣውን አጣጥፋ ወደ ቦርሳዋ መለሰችው።

አንቱታውን እዚህ ላይ አቆማለሁ።

ስማ። ምልክትህ ገብቶኛል። ምንም ሳያዝ ቀኑን ሙሉ ጠረጴዛ ይዞ ለሚውል ነው። እኛ ከፍለናል። ዳቦ የቆረሰችልህን እናት በር ታሳያለህ? አትብላው፤ ሥራ ላይ ነህ፣ ይገባኛል። ፈገግ ብሎ "አመሰግናለሁ" ማለት ስንት ፍራንክ ያስከፍልህ ነበር? ልጄ አያቱን ከውርደት ለመከለል ሲል ዋሸ። ልቆጣው ነበር ወይስ ልስመው? ሳምኩት።

ዕቃችንን ሰብስበን ወረድን። ከኬብል ካሩ መነሻ በታች፣ ከዕቃ ማስቀመጫ ሳጥኖቹ ጎን፣ ሳል ኦር ሳክ የሚሉት ክፍል አለ። ምግቡን ከቤቱ ለሚያመጣ ሰው የተሰጠ ምድር ቤት ነው። መስኮት የለውም፣ የእርጥብ ስኪ ጫማ ይሸታል። ማንም ግን ጣቱን አልቀሰረብንም። እማዬ ፎጣውን እንደገና ፈታች። አንድ የፖርቱጋል ቤተሰብ ድፎውን ተሻምቶ በላ፤ ብርቱካን መለሱልን።

ከእንግዲህ ገንዘቤን አታየውም። መንደሩ ውስጥ በሥራ ቀን "የዕለቱ ሳህን" የሚያቀርቡ ቤቶች አሉ፤ የሊፍት ሠራተኞቹ የሚሰለፉበትን አይቼ እከተላለሁ። ወይም የሱፐርማርኬቱ ምግብ ቤት፣ ትሪ ይዞ መሰለፍ ለእኛ ብርቅ አይደለም። ልጆቹ ደግሞ በሁለቱም አገር ተራሮች በሚሠራው የፖርት ዱ ሶሌይ ቲኬት ከሻምፔሪ በኩል በስኪያቸው ድንበር ተሻግረው ፈረንሳይ፣ አቮሪያ ምሳ ይበላሉ። ርካሽ ነው ማለቴ አይደለም፤ ውሃው ግን አይሸጥም።

ከሰላምታ ጋር፣
ጠረጴዛ ቁጥር 14

ግልባጭ፦
ለካርድ ማሽኑ
ሽንት ቤት በር ላይ ለተተከለው የሳንቲም ሳጥን
ለሁዳዴ ጾመኞች በሙሉ፣ ባሉበት