ስክሪኑ የተቀማጩ ነው

ፒያሳ አካባቢ ባለችው የጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ ቤታችን አራት ኮምፒውተሮች አሉን። ማይክሮሶፍት ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. ለዊንዶውስ 10 ይሰጥ የነበረውን ድጋፍ ሲያቆም፣ አራቱም ዕድሜያቸው ገፍቶ ዊንዶውስ 11ን የማይቀበሉ ሆነው ተገኙ። ለመጣል አንጀቴ አልቻለም፤ በዊንዶውስ ፋንታ ሊኑክስ የተባለውን ነፃ ሥርዓት አስጫንኩባቸው።

የጫነልን ወጣት ሥራውን የሚያውቅ ልጅ ነው። ነገር ግን ማንንም ሳይጠይቅ በአራቱም ላይ እሱ የሚወደውን ግኖም የተባለውን ዴስክቶፕ፣ ማለትም የስክሪኑን መልክና አሠራር የሚወስነውን ክፍል፣ አድርጎ ሄደ። በማግስቱ ጸሐፊያችን የአንድ ባለጉዳይ ማመልከቻ አጋምሳ፣ የቆየ ደብዳቤ ለማየት ሌላ ፋይል ከፈተች። ወዲያው ፊቷ ተለወጠ። «ጋሼ፣ የሰውዬው ማመልከቻ ጠፋብኝ!» ሰውዬው አጠገቧ ቆሟል። የዊንዶውስ ምልክት ያለበትን ቁልፍ ስጫን ሁለቱም ገጾች ጎን ለጎን ወጡ። «አልጠፋም፣ ከኋላ ነው» አልኳት። «ከኋላ መሆኑን ታዲያ በምን ልወቅ?» አለችኝ።

እውነቷን ነው። ግኖም የተከፈቱ ፋይሎች የሚደረደሩበትን የታች መስመር ሆን ብሎ ነው የተወው። እ.ኤ.አ. በ2011 ሦስተኛው ግኖም ሲወጣ በዚህ ምክንያት ብዙ ተጠቃሚ አኩርፏል፤ የድሮውን መልክ ይዘው ማቴ የተባለውን ዴስክቶፕ የመሠረቱም አሉ። የሊኑክስ ፈጣሪ ሊነስ ቶርቫልድስ ራሱ ያኔ ተማርሮ ኤክስኤፍሲኢ ወደተባለ ሌላ ዴስክቶፕ ሄዶ ነበር፤ ኋላ ተመልሷል። እሱ እንኳ ሐሳቡን ከቀያየረ፣ አንዱን ዴስክቶፕ ለሰው ሁሉ ይበጃል ብሎ መጫን ከየት የመጣ ድፍረት ነው?

ግኖምን መንቀፌ አይደለም። ዩኒቨርሲቲ የሚማረው ታናሽ ወንድሜ ሌላ አይነካም። ከፊቱ የሚያነበው ብቻ ሲኖር ሐሳቡ እንደማይበተን ይነግረኛል፣ ሲያጠና አይቼው አምኜዋለሁ። ኬዲኢ የተባለው ዴስክቶፕ ደግሞ እያንዳንዷን ነገር በእጁ ማስተካከል ለሚወድ ሰው ነው። እ.ኤ.አ. በ1996 ማቲያስ ኤትሪች ሲጀምረው ቅሬታው የሊኑክስ ፕሮግራሞች መልክም ጠባይም አለመመሳሰላቸው ነበር።

የኔ ምርጫ ኤክስኤፍሲኢ ነው። 4 ጊጋባይት ራም ባለው አሮጌ ማሽን ላይ አያንቀራፍፍም፣ ትናንት የተውኩትን ነገር ዛሬም እዚያው አገኘዋለሁ።

ስለ ቀለምም ክርክር ገጥመናል። ወጣቶቹ ስክሪን ሁሉ ጥቁር ይሁን ይላሉ። ማታ፣ በተለይ መብራት ጠፍቶ በላፕቶፕ ባትሪ ስንሠራ፣ እኔም ጥቁሩን እመርጣለሁ። ቀን ግን በራችን ወደ ፀሐይ ነው። ከረፋዱ አራት ሰዓት ጀምሮ ጥቁሩ ስክሪን መስታወት ይሆናል፤ ጸሐፊዋ ፊደሉን ትታ የገዛ ፊቷንና ከኋላዋ የተሰለፈውን ባለጉዳይ ታያለች። ነጣ ያለ ገጽታ ስናደርግላት ዓይኗን ማሸት ተወች።

ከሁሉ በላይ የሚያንገበግበኝ የፊደላችን ነገር ነው። ገጽታ የሚመርጡልን ልጆች በእንግሊዝኛ አይተው «ያምራል» ይላሉ። የላቲን ፊደል ሲያንስም ይነበባል። የኛ ግን «ቢ»ን ከ«ቤ» የሚለየው እግሩ ላይ ያለው ነገር ነው፦ አንዱ ጭረት፣ ሌላው ቀለበት። ፎንቱ ሲያንስ ቀለበቱ ይደፈንና ሁለቱ አንድ ይሆናሉ። እኛ ፋይል የምናስቀምጠው በባለጉዳይ ስም ነው። የአንዱን ደብዳቤ ለሌላው አትመን ወረቀት ያባከንንበት ቀን አለ። የዴስክቶፑን ጽሑፍ ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክ ወደተባለ ፎንት ቀይረን መጠኑን ከ10 ወደ 12 ስናሳድገው ነው የተገላገልነው። አቢሲኒካ የተባለው ፎንት ለሚታተም ደብዳቤ ግርማ አለው፤ በስክሪን ላይ በትንሹ ሲጻፍ ግን ቀጫጭን መስመሮቹ ይጠፋሉ። ለሰው ኮምፒውተር የሚያዘጋጅ ባለሙያ፣ እባክህ፣ ከመሄድህ በፊት የአሥር ሰው ስም በአማርኛ ጽፈህ፣ ባለቤቱን አስቀምጠህ አስነብበው።

ጸሐፊያችን መጨረሻ ላይ አንድ ነገር ጠየቀች፦ የደብረ ብርሃን ሥላሴ ጣሪያ ፎቶ ከጀርባ ይሁንልኝ አለች፤ ያ ረድፍ በረድፍ የተሳሉ መላእክት ያሉበት። ወጣቱ ባለሙያ ተቃወመ፣ ምክንያትም ነበረው፤ በዚያ ሁሉ ዓይንና ክንፍ መካከል የፋይል ምልክቶቹ አይለዩም። እኔ ብሆን አላደርገውም፣ የኔ ጀርባ ባዶ ግራጫ ነው። ዴስክቶፗን የታች መስመር ወዳለው ቀይረን፣ ምልክቶቹን በሙሉ አንስተን ወደዚያው መስመር አወረድንላት። አሁን ጠዋት ኮምፒውተሯን ስትከፍት መጀመሪያ የሚያዩዋት መላእክቱ ናቸው፤ ማመልከቻው ከኋላ ሲሆንም ስሙ ከታች በትልቁ ተጽፎ ታገኘዋለች።