ሽምግልናው ይቅደም ወይስ ልጅቷ?

ከቅሬ (የወሎ እድር) ስብሰባ በኋላ ደሴ ላይ አንድ ግቢ ውስጥ ቡና የጠጡ አራት ጎረቤታሞች ክርክር የገጠሙት፣ ከኩታበር ገጠር «ከተማ ገብታ ትማር» ተብላ መጥታ አክስቷ ቤት በምትኖር ልጅ ምክንያት ነበር። ልጅቷ ከትምህርት ቤት መቅረት አብዝታለች፤ ክንዷ ላይም በተለያየ ጊዜ የቃጠሎ ጠባሳ የታየ ሲሆን፣ ስትጠየቅ «ምጣድ ነው» ከማለት በቀር ሌላ ቃል አይወጣትም።

ከቅሬው ሽማግሌዎች አንዱ፣ ነገሩ ፖሊስ ጋ ከመድረሱ በፊት አክስቲቱ በአበጋር (በወሎ ባህላዊ ሽምግልና) ደንብ ተጠርታ ብትመከር እንደሚበቃ ተናገሩ። «በጥርጣሬ የሰው ቤት አይፈርስም፤ ደግሞስ ልጅ መቅጣት ቀረ እንዴ?» አሉ። ባለሱቋ እመቤትም ማስረጃ ሳይያዝ አፍ መክፈት ጉርብትናን ያበላሻል ብለው ደገፏቸው።

ጡረተኛው መምህር ግን የ1996 ዓ.ም. የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 576 ሕፃንን የሚያሳድግ ሰው ልጁን ቢያንገላታ፣ ቢደበድብ ወይም ከአቅሙ በላይ በሥራ ቢያደክም እንደሚቀጣ፣ ተገቢውን ተግሳጽ ግን እንዳልከለከለ አስረዱ፤ በጋለ ብረት መተኮስን ተግሳጽ የሚለው ሰው ካለም ይምጣና ያስረዳን አሉ። ማስረጃን በተመለከተም፣ በ1954 ዓ.ም. የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ ወንጀሉ ሲፈጸም ያላየ ሰው እንኳ ማመልከት እንደሚችል በአንቀጽ 11 መደንገጉን አስታወሱ።

ከሁሉም ያሳመነኝ የነርሷ ንግግር ነው። «አባቴ፣ ቀን አክስቷን ጠርታችሁ ብትመክሯት፣ ማታ ያ ምክር በዱላ የሚወርደው ልጅቷ ላይ ነው» አለች። ልጅቷን እየደጋገሙ መመርመርም ሆነ «ለማንም አልናገርም» ብሎ ቃል መግባት እንደማይገባ፣ ያዩትን ከነቀኑ ጽፎ ለሴቶች፣ ሕፃናትና ማኅበራዊ ጉዳይ ጽሕፈት ቤት ወይም ለፖሊስ ማድረስ እንደሚበቃ ተናገረች። የመደፈር ጥርጣሬ ካለ ደግሞ ልጅ ገላዋን ሳትታጠብ ወዲያውኑ ሆስፒታል መድረስ አለባት፤ የኤች አይ ቪ መከላከያው መድኃኒት ከ72 ሰዓት ካለፈ አይሰጥምና።

እዚህ ላይ ባለሱቋ «ከዚያ ቤት ብትወጣስ ማን ያበላታል?» ብለው ጠየቁ፤ ወዲያው የመለሰላቸው አልነበረም።

እኔ ከዚያ ሁሉ ንግግር የከበደው ይህ ጥያቄ ይመስለኛል፤ የሽማግሌውም ቦታ እዚህ ላይ ነው። ጥቆማው ዛሬውኑ መድረስ አለበት፤ አክስቲቱም አስቀድማ እንድታውቅ ማድረግ አይገባም። ልጅቷ በሚመለከታቸው ሰዎች እጅ ከገባች በኋላ ግን፣ ኩታበር ወርዶ ወላጆቿን ማነጋገር፣ የሚያሳድጋት ደህና ዘመድ ማፈላለግና ከቅሬው መዋጮ የደብተርና የልብሷን ወጪ መሸፈን ከየትኛውም ቢሮ ይልቅ ሽማግሌዎቹና ጎረቤቶቿ የሚችሉት ሥራ ነው። አክስቲቱን መምከርም ካስፈለገ፣ ልጅቷ በሌለችበት ቤት ይሁን።